የተቀበረ መርዝ አይሞትም
የተበከለ አፈርንና የከርሰ ምድር ውሃን ስለ መከላከልና ስለ ማጽዳት

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ
እነብሴ ሳር ምድር፣ መርጡለ ማርያም



እስካሁን በወሰዳችኋቸው ሥልጠናዎች ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለ ማከም፣ ስለ ኮምፖስት ዝግጅትና ስለ አረም ቁጥጥር ተምራችኋል። የዛሬው ትምህርት ግን በዓይን ስለማይታይ ጉዳት ነው። ይኸውም ኬሚካል አፈር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ውሃ እንዴት እንደሚደርስ፣ ከደረሰስ በኋላ ማጽዳት ይቻል እንደሆነ ነው።

ትምህርቱን የምንጀምረው ከራሴ ስህተት ነው። በልማት ሠራተኝነት ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት «ባዶ የመድኃኒት ዕቃና የተረፈ ኬሚካል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ» እያልኩ አስተምር ነበር። እኔም እንዲሁ ነበር የተማርኩት። ኋላ በአንድ ቀበሌ አንዲት እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ ይህ የጉድጓድ ውሃ እንደ ድሮው አይደለም፤ ላሚቱ እንኳ አሽትታ ትተወዋለች» አሉኝ። እኔም ሳላስብበት «አፍልተው ይጠጡት» አልኳቸው። ከጉድጓዱ በላይ በኩል፣ ከሰማንያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ ድሮ ኬሚካል ይቀመጥበት የነበረ ወለሉ አፈር የሆነ መጋዘን መኖሩን ልብ ያልኩት ከሳምንት በኋላ ነው። የሰጠሁት ምክር ትክክል አልነበረም። ለምን ትክክል እንዳልነበረ ከዚህ በታች ታገኙታላችሁ።

1. ስለ ጦር ፋብሪካ ለገበሬ ምን ይነገራል?

የጦር ኬሚካልና የእርሻ ኬሚካል የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አባቶቻችን ይህን በሥጋቸው ቀምሰውታል። የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ሲወር ይፐራይት የተባለውን መርዝ በአውሮፕላን ረጭቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ባሰሙት ንግግር መርዙ በወታደር ላይ ብቻ ሳይሆን በሴቶችና በሕፃናት፣ በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ ጭምር መውረዱን ተናግረዋል።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ በጀርመን ሀገር አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ተባይ የሚገድል መድኃኒት ሲፈልግ ታቡን የተባለውን የነርቭ መርዝ አገኘ። ለእርሻ የዋሉት ማላታይዮንና ዳያዚኖን ከዚሁ የኬሚካል ቤተሰብ ይመደባሉ። ኃይላቸው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም በሰውነት ላይ የሚሠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው።

ስለሆነም የጦር ፋብሪካዎች በአፈርና በውሃ ላይ ያደረሱት ጉዳትና ጉዳቱን ለማጽዳት የተደረገው ጥረት ለእኛ ለእርሻ ሰዎች በቀጥታ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

2. የኮሎራዶ ገበሬዎች ምን ገጠማቸው?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ አጠገብ፣ ሮኪ ማውንቴን አርሴናል የሚባል የጦር ኬሚካል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 ተቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ የግቢው ከፊል ለግል ኩባንያዎች ተከራይቶ አልድሪንና ዲልድሪን የተባሉ ፀረ-ተባዮች ይመረቱበት ጀመር። ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ መሬት ላይ በተቆፈሩ፣ ሥራቸው ባልተለበደ ኩሬዎች ውስጥ ይለቀቅ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች ሐሳብ ፀሐይ ያተነዋል፣ አፈር ያጣራዋል የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 ከፋብሪካው በታች በኩል ጥልቀት በሌለው የጉድጓድ ውሃ መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ሰብላችን እየተቃጠለ ነው ብለው አቤት አሉ። ልብ በሉ፤ ማንም በማሳቸው ላይ መርዝ አልረጨባቸውም። መርዙ የደረሰባቸው በገዛ ጉድጓዳቸው ውሃ በኩል ነው። ፋብሪካው ከሁለት ዓመት በኋላ በአስፋልት የተለበደ ኩሬ ሠራ። በመሬት ውስጥ ቀድሞ የገባው ግን መጓዙን አላቆመም፤ በ1970ዎቹም ከግቢው ውጭ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ የፋብሪካው ኬሚካሎች ተገኙ።

ጽዳቱ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የግቢው የገጽ ጽዳት የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን ወጪው ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃውን የማጣራት ሥራ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ፋብሪካው በተተከለበት ዓመት የተወለደ ልጅ አያት በሆነበት ጊዜም ውሃው ገና እየተጣራ ነበር ማለት ነው።

3. የእኛስ ሀገር?

በሀገራችን ብዙ የታወቀው የዚህ ዓይነት ችግር ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ-ተባዮች ክምችት ነው። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ መከላከያ ተብሎ ብዙ ኬሚካል ወደ ሀገር ገብቷል። አንዳንዱ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ደርሶ ወቅቱ ያለፈበት ነበር፤ አንዳንዱም መጋዘን ውስጥ እያለ በሕግ ተከለከለ። ዲልድሪንና ዲዲቲ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በርሜሉ ዛገ፣ ከረጢቱ ተቀደደ፣ መርዙም ወደ ወለሉ ፈሰሰ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር በመሆን ከየመጋዘኑ ከ1,000 ቶን በላይ አሮጌ ኬሚካል ሰብስቦ፣ እንደገና አሽጎ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ልኮ ለዚህ ሥራ በተሠራ ምድጃ እንዲቃጠል አድርጓል። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መርዝ በትክክል የሚያቃጥል ምድጃ ስላልነበረ ነው ያን ያህል ባሕር የተሻገረው። ይህን ስታስቡ የተረፈ ኬሚካል በጓሮ ማቃጠል ለምን እንደማይፈቀድ ትረዳላችሁ። የጓሮ እሳት ሙቀቱ ስለማይበቃ መርዙን አያጠፋውም፤ ወደ ጭስ ለውጦ ወደ ሳንባችሁ ይልከዋል።

በርሜሉ ሄደ ማለት ግን መርዙ ሁሉ ሄደ ማለት አይደለም። ከመጋዘኑ ወለል ሥር ያለው አፈር በየቦታው መታየት አለበት።

4. መርዝ በመሬት ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ሦስት ነገር ይወስነዋል፤ የኬሚካሉ ጠባይ፣ የአፈሩ ዓይነትና የውሃው ቁልቁለት።

ሀ. የኬሚካሉ ጠባይ። ዲዲቲ አፈር ላይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጅበታል። ከአፈሩ ጋር በጎርፍ ሲታጠብ፣ በሥጋና በወተት ስብ ውስጥ ሲጠራቀም ይገኛል። ለጤፍና ለስንዴ አረም የምንረጨው ቱ ፎር ዲ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሕይወት ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ በሳምንታት ይፈርሳል፤ በውሃ ስለሚሟሟ ግን ከመፍረሱ በፊት ዝናብ ከወሰደው ወደ ታች ይሰርጋል። አየር በሌለበት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባ አፈራረሱ ይዘገያል። እርሳስን የመሰለ ብረት ደግሞ ከቶ አይፈርስም፤ የዛሬ መቶ ዓመትም እርሳስ ነው።

ለ. የአፈሩ ዓይነት። አሸዋማና ጠጠራማ አፈር እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ ብዙ ሰው ስለዚህ ዋልካ ላይ መርዝ አይሰርግም ይላል። በበጋ ግን ዋልካ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በትር የሚውጥ ስንጥቅ ላይ የተደፋ የመርጫ እጣቢ በመጀመሪያው ዝናብ ያለ ምንም ማጣሪያ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል።

ሐ. ቁልቁለቱ። ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙውን ጊዜ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። የእኛ ወረዳ ውሃ ሁሉ መጨረሻው ዓባይ ነው። ከላይ ያለው ጎጥ የደፋውን ከታች ያለው ጎጥ ይቀዳዋል።

መጠኑን ለመገመት ይህን ስሌት ተመልከቱ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ ቱ ፎር ዲ ከአንድ ግራም 30 ሚሊዮንኛ እጅ መብለጥ የለበትም። በዚህ መሠረት አንድ ግራም ብቻ ከ33,000 ሊትር በላይ ውሃን እስከ መጨረሻው ወሰን ያደርሳል። አንድ ሜትር ስፋትና ሦስት ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው የእጅ ጉድጓድ 2,350 ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ አንድ ግራም ለ14 ጉድጓድ ይበቃል። ለዲልድሪን ወሰኑ እጅግ ጥብቅ ስለሆነ አንድ ግራም ከ33 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ያደርሳል። በደንብ ያልታጠበ አንድ ጄሪካን ውስጥ ስንት ግራም እንደሚቀር ራሳችሁ ገምቱ።

5. የተበከለ ቦታ እንዴት ይጸዳል?

በዓለም ላይ በጦር ፋብሪካዎችም ሆነ በኬሚካል መጋዘኖች የተሠራባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

• ምንጩን ማንሳት። የሚፈሰውን በርሜልና በመርዝ የራሰውን አፈር በባለሙያ አስቆፍሮ መውሰድ። ይህ ሳይደረግ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው።

• መክደንና ማገድ። ማንሳት ካልተቻለ ዝናብ እንዳይገባበት ውሃ በማያሳልፍ ሸክላ መድፈን፣ ጎርፉን በቦይ ማዞር። በኮሎራዶ ከመሬት በታች እስከ አለቱ ድረስ የሚደርስ የሸክላ ግድግዳ ሠርተው የተበከለው ውሃ እንዳያልፍ አግደዋል።

• ውሃውን ስቦ ማጣራት። የታገደውን ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ለማጣሪያ በተለየ መንገድ በተዘጋጀ ከሰል ያሳልፉና ንጹሑን መልሰው ወደ መሬት ያስገቡታል። የቤታችን የማገዶ ከሰል ለዚህ አይሆንም።

• በኮምፖስት ማከም። ይህኛው በተለይ ለእናንተ ደስ የሚያሰኝ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ኡማቲላ በሚባል የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ከአሮጌ ቦምቦች ፈንጂው እየታጠበ ሲወጣ እጣቢው ወዳልተለበዱ ኩሬዎች ይገባ ስለነበር አፈሩም የከርሰ ምድር ውሃውም ተበከለ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተበከለውን አፈር ከከብት ፍግ፣ ከአልፋልፋ፣ ከሰጋቱራና ከድንች ተረፈ ምርት ጋር ቀላቅለው፣ እያገላበጡና እያረጠቡ፣ እኛ ኮምፖስት በምናዘጋጅበት መንገድ አብላሉት። በፍጉ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ፈንጂውን በሳምንታት ውስጥ አፈረሱት። ከጓሯችሁ ያለው የፍግ ክምር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ እዩ። ሆኖም ይህ ሥራ የተከናወነው በላቦራቶሪ ክትትል ነው፤ በራስ ሥልጣን የሚሞከር አይደለም። እርሳስን በመሰሉ ብረቶች ላይም አይሠራም።

• የመሬቱን አጠቃቀም መቀየር። በትንሹ የተበከለ መሬት ላይ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር (ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ድንች) አይተከልም፤ አፈር የሚነካቸውና ብረት የሚስቡት እነዚህ ናቸውና። ለጣውላ የሚሆን ዛፍ ይሻላል። አሲዳማ አፈር እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ለሥር ያቀልላል፤ ኖራና ኮምፖስት ሲጨመርበት ግን ብረቶቹ በአፈሩ ይያዛሉ። ኖራ ለምርት ብቻ ሳይሆን ለጤናም ይጠቅማል የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ደምሩት። ከሁሉ ርካሹ ማጽጃ አስቀድሞ አለመበከል ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።

6. በእኛ ቀበሌ ምን እናድርግ?

1ኛ. የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ግዙ። የተረፈ ኬሚካል ሁሉ የነገ ችግር ነው። የማሳችሁን ስፋት ለልማት ሠራተኛው ተናግራችሁ መጠኑን አስሉ።

2ኛ. ከጉድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 50 እርምጃ ርቃችሁ በጥብጡ፤ መርጫችሁንም እዚያው እጠቡ። መርጫን ወንዝ ወርዶ ማጠብ ከታች ያለውን ጎረቤት ማጠጣት ነው።

3ኛ. ዕቃው ባዶ እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ሩብ ያህል ውሃ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ፣ በደንብ ነቅንቁና እጣቢውን ወደ መርጫው መልሳችሁ ማሳው ላይ ርጩት። ከዚያም ለጠላ፣ ለዘይትና ለውሃ እንዳያገለግል ዕቃውን ብሱት። አትቅበሩት፣ አታቃጥሉት፤ በወረዳው በሚወሰነው ቦታ እስኪሰበሰብ ድረስ ከልጆችና ከእንስሳት በራቀና በተቆለፈ ቦታ አቆዩት።

4ኛ. ድሮ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም የጦር ካምፕ የነበረበትን ቦታ ለይታችሁ መዝግቡ። ሣር የማይበቅልበት ገላጣ፣ የሚሰነፍጥ ሽታ፣ የተቃጠለ ዘይት የጠገበ ጥቁር አፈር፣ የተጣለ የመኪና ባትሪ ካያችሁ አታርሱት፣ አፈሩን ለጭቃ ቤት አትውሰዱት፣ ከብት አታሰማሩበት። እሾህ አጥራችሁ አሳውቁ።

5ኛ. የጥይት ቀለህም ሆነ ያልፈነዳ ነገር ካገኛችሁ አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፣ ለብረት ነጋዴም ብላችሁ አታንሱ። ልጆችን አርቁ፤ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጋችሁ ለቀበሌና ለፖሊስ ተናገሩ። ይህ የገበሬም የግብርና ባለሙያም ሥራ አይደለም።

6ኛ. የውሃችሁ ሽታ፣ ጣዕም ወይም መልክ ከተለወጠ መጠጣት አቁሙና አሳውቁ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ኬሚካልንና እርሳስን ግን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ውሃ አጋርም የሚሠራው ለጀርም ነው። ለእኚያ እናት የሰጠሁት ምክር ስህተት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መልክና ሽታው ያልተለወጠ ውሃም ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ስለሆነም ከአሮጌ መጋዘን በታች ያለ ጉድጓድ ሁሉ እንዲመረመር ጠይቁ።

7ኛ. ኬሚካል የነካው ሰው ካላበው፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ካስመለሰው ወይም ከተንቀጠቀጠ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ወተት ማርከሻ አይደለም። የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ጽሑፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያክመው በእርሱ ነው።

7. ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው «ጉዳቱ እኔን ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ፀረ-ተባይ የሚመዘገብበትና የሚቆጣጠርበት አዋጅም ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ በገበያ ቀን ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥላችሁን አትግዙ።

አቤቱታችሁን በመጀመሪያ ለልማት ሠራተኛውና ለቀበሌው፣ ቀጥሎ ለወረዳው ግብርናና አካባቢ ጥበቃ አቅርቡ። በቃል ብቻ አትተዉት፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን በጽሑፍ አስፍሩ። የኮሎራዶዎቹን ገበሬዎች ጉዳይ ለማየት ያስቻለው ሰብላቸው መቃጠሉን አይተው አቤት ማለታቸው ነው።

8. በቡድን የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

• በጎጣችሁ ድሮ ኬሚካል ይቀመጥበት የነበረ ቦታ የት ነው? ከእርሱ በታች በኩል ስንት ጉድጓድና ምንጭ አለ?
• ባዶ የመድኃኒት ጄሪካን አሁን በየቤታችሁ ለምን ያገለግላል?
• መርጫ የምታጥቡት የት ነው? ውሃው ከዚያ ወዴት ይሄዳል?
• የሰፈሩ ሽማግሌዎች «እዚህ ተቀብሯል» የሚሉት ነገር አለ? ማን ጠይቆ ይመዝግበው?

የመጨረሻውን ጥያቄ አደራ እላለሁ። የተቀበረበትን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው፤ እነርሱ ሲያልፉ እውቀቱም አብሮ ያልፋል። እኔም ሳስቀብር የነበርኩባቸውን ቦታዎች በማስታወስ ዝርዝሩን ጀምሬያለሁ።

የእኚያ እናት ጉድጓድ ተከድኗል። መጋዘኑ በነበረበት ቦታ ቀበሌው የሽንኩርት ችግኝ ሊያፈላ አስቦ ነበር፤ ተነጋግረን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርነው። እናትየው ግን እስከ ዛሬ ውሃ የሚቀዱት ከሩቁ ምንጭ ነው። በመንገድ ሲያገኙኝ አይወቅሱኝም፤ «ልጄ፣ ለሌሎቹ ንገራቸው» ይሉኛል። ይኸው ነገርኳችሁ። እናንተም በቡድናችሁ ላሉት ንገሯቸው።